የጠገበ ምስክር

ብርቄን እየገደላት ያለው ደረቷ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ ነው ወይስ አማርኛ?

ማንያዘዋል ይህን ጥያቄ ቃል መቀበያው ጽሕፈት ቤት ደጅ ተሰልፎ ሳለ ደጋግሞ አነሣው። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደ ልማዱ ከጆሮ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ሰልፈኛው ሁሉ ክዳን ያለው ትንሽ ኩባያ በጋቢው ሥር ደብቋል፤ ኩባያው ውስጥ አክታ አለ። ጤነኛው የራሱን፣ በሽተኛ ያለው የበሽተኛውን ይዞ ይመጣል።

ከተማው እንዲህ መኖር ከጀመረ አንድ ትውልድ አልፏል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ይልና፣ መልሱን ሳይጠብቅ «ባክቴሪያህስ ምን አለ?» ይላል። ልጃቸውን የሚድሩ ወላጆች ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት የሙሽራውን አክታ ያስነብባሉ። «ሰላማዊ» ከተባለ እልልታው ይቀልጣል። ማንያዘዋል አንድ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ይህንኑ ቃል ዘፈን አድርገው ሲጨፍሩበት ሰምቶ፣ የያዘውን ብርጭቆ ሳይጨርስ ወጥቶ ያውቃል። ለከተማው ያለው ንቀት ያን ዕለት አልጀመረም፤ ያን ዕለት ግን ቤት ሠራ።

መድኃኒቱ ድሮ እንደ ከረሜላ ተበልቶ አልቋል። ባክቴሪያው ሁሉ ስለለመደው፣ አሁንም የሚሠሩት ጥቂት ዓይነቶች ተቆልፎባቸዋል። ሣጥኑ በየሆስፒታሉ አለ፤ የሚከፈተው ግን ባክቴሪያው ራሱ «እየወረርኩ ነው» ብሎ ቃሉን ሲሰጥ ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ «ቃል» ላይ ነው። ከዓመታት በፊት የስያሜ ጉባኤ የሚባል ስብስብ አዲስ አበባ ተቀመጠ። ባክቴሪያ ካሉት ዘረመሎች የትኞቹን ሥራ ላይ እንዳሰማራ፣ የትኞቹን እንዳሳረፈ ለሚያሳየው ንባብ የአማርኛ ስም ያስፈልግ ነበርና «የዘረመል ቃል» ብሎ ሰየመው። አጭር ነው፣ ለጆሮ ይጥማል፣ ግዕዝ ግዕዝም ይሸታል። ጉባኤው አጨበጨበ፣ ምሳውን በላ፣ ተበተነ። ከዚያ የሕግ ሰዎች መጡ። የሕግ ሰው «ቃል» ሲባል የሚታየው ሌላ ነው፤ ቃል ይሰጣል፣ ቃል ይቀበሉታል፣ ይጸናል ወይም ይወድቃል። ከክፉዎቹ ዓመታት በኋላ የወጣ አንድ ጥሩ ሕግ ደግሞ ነበር። ያኔ ሰው መርማሪ ፊት ተርቦና ተጠምቶ ያልሠራውን ሠራሁ እያለ ስላለቀ፣ «የተራበ ምስክር ቃል አይጸናም» ይላል። ተንኮል ያሰበ ማንም የለም። ቃል የተባለ ሁሉ በዚህ ሕግ ሥር ገባ፤ የባክቴሪያውም አብሮ ገባ።

ስለዚህ ከማንያዘዋል እህት ከብርቄ ደረት የወጣው አክታ ጽሕፈት ቤቱ እንደ ደረሰ አይነበብም። መጀመሪያ ይስተናገዳል። «ምስክር ማሳደሪያ» የሚባል ሞቅ ያለ ክፍል አለ፤ እዚያ በበሰለ የበግ ደም በተሠራ ቡናማ ሳህን ላይ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይራባል። (ይኸም ሌላው የአማርኛ ጉድ ነው፤ በበላ ቁጥር የሚራባ ፍጥረት።) ጠዋት ሆዱ ሞልቶ ሲጠየቅ «ሰላም ነኝ» ይላል። ምን ጎድሎት ሌላ ይበል?

ማንያዘዋል ፖላንድ ውስጥ፣ ግዳንስክ በምትባል ነፋሻ የወደብ ከተማ፣ ስለ እነዚሁ ፍጥረታት ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል፤ ትምህርቱንም፣ ተማሪዎቹንም፣ ከሁሉ በላይ መመለሱን ይጠራጠራል። የእህቱን ደረት የያዘው ባክቴሪያ ሄሞፊለስ ይባላል፤ የስሙ ትርጉም ራሱ «ደም ወዳድ» ነው። ሰው ደረት ውስጥ ሲገባ ግን የሚወደውን አያገኝም፤ ሰውነት ደሙ ውስጥ ያለውን ብረት ደብቆ ይቆልፍበታል። ያኔ ደም ወዳዱ የረሃብ መሣሪያውን ሁሉ ያወጣል፤ መንጠቂያውን፣ መቧጠጫውን፣ መደበቂያውን። የሚገድለውም ያኔ ነው። ሳህን ላይ ግን ደም በደም ስለሆነ መሣሪያውን አስቀምጦ ይጋደማል። ሌባን ወጥ ቤት አስገብቶ ካጠገቡ በኋላ «እጁ ንጹሕ ነው፣ ጨዋ ነው» እንደ ማለት ነው። ማንያዘዋል ይህን ለጽሕፈት ቤቱ በቃልም በጽሑፍም ነግሯል። ሰሚዎቹ በትሕትና ራሳቸውን ነቅንቀዋል። የእነሱን ትሕትና የሚጠላውን ያህል ስድብን አይጠላም።

ተራው ደረሰ። መስኮቱ ላይ ያለችው ቃል ተቀባይ ስክሪኑን አይታ ፈገግ አለች።

«የወይዘሮ ብርቄ ነዎት? እሰይ፣ ዛሬም ሰላማዊ! በደንብ አድሯል።»

«እሱ በደንብ አድሯል» አለ ማንያዘዋል። «እሷ ቁጭ ብላ ነው ያደረችው።»

«አይዞን። ዋናው የሱ ነው።»

* * *

ብርቄ ከማንያዘዋል ብዙ ዓመት ትበልጣለች። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስለሠራች ደረቷ የሱፍ ብናኝ ጠጥቷል፤ አሁን ግድግዳ ተደግፋ፣ ሁለት ትራስ ከኋላዋ አድርጋ ትተነፍሳለች። አክታዋ ጎመን መስሏል፣ ትኩሳቷም አልወርድ ብሏል። ሐኪሙ ጀርባዋን አዳምጦ፣ ራሱን ይዞ፣ «ለእኔማ ይታየኛል፤ ሣጥኑ ግን ለእኔ ዓይን አይከፈትም» ብሎ ሄዷል።

«ምን አለ?» አለችው ገና ሳይቀመጥ።

«ሰላማዊ ነው አለ።»

«ማን? እኔ ወይስ እሱ?»

«እሱ።»

«እሱማ ምን ይሆናል! ቀለበኛ ሆኖ።» ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም አልለቃት አለ። ማንያዘዋል ኩባያውን አቀረበላትና ጀርባዋን ደገፋት። ሲያልፍላት ዓይኗን ጠርጋ ወሬዋን ከተወችበት ቀጠለች። «ለመሆኑ ምን ምን ያበሉታል? ለእኔ ተልባ እንኳ አልወርድ ብሎኛል።»

«ነግሬሽ የለም እንዴ? የበግ ደም ነዋ።»

ብርቄ ከትራሱ ተነሣች።

«ደም? በሁዳዴ?»

«እታለም...»

«ቆይ እስቲ። እንኳን በሁዳዴ በፋሲካ እንኳ ደም ይበላል? ከእኔ ደረት ወጥቶ፣ በእኔ ስም ተመዝግቦ፣ ደም? የንስሐ አባቴ ታመሻልና ጾሙን ተዪው ቢሉኝ አሻፈረኝ ያልኩ ሴትዮ፣ እነሱ በጓሮ በር ያስገድፉኝ?»

ማንያዘዋል ሳቀ። ከዚያ አያት። እየቀለደች ነበር፤ ከልቧም ነበር። ብርቄ ሁለቱን ለያይታ አታውቅም።

«እና ምን ላድርግ?»

«ይህንኑ ጻፍላቸዋ! አንተ ስትሄድ ስለ ብረት፣ ስለ ዘረመል ትነግራቸዋለህ። ሳይንስ ምናቸው ነው? የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ እነሱም እንደ ባክቴሪያቸው ናቸው። ሞኝን በገዛ ሞኝነቱ ነው መምታት፣ ማኔ። ፖላንድ ስትኖር ይህን አላስተማሩህም?»

«ፖላንድ ያስተማሩኝ ጎመን መብላት ነው።»

«ጎመኑንስ እኔም አስተምሬህ ነበር።»

ጻፈ። ምስክሩ የሚኖረው በጿሚ ሰው አካል ውስጥ ስለሆነ የፍስክ ምግብ እንዳይቀርብለት የሚል አቤቱታ ጻፈ። እየጻፈ እጁ አፈረ። የተማረውን ሁሉ አስቀምጦ የጠላውን ቋንቋ ሲናገር፣ ከነሱ የሚለየው ምን እንደ ሆነ ጠፋው።

* * *

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጉልላት ይባላል። ንጹሕ ሰው ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ማንንም «አንተ» ብሎ የማይጀምር፣ ለልቅሶ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ። ከተማው ይወደዋል። ማንያዘዋል ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር ብሎ ያስባል፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

«መምህር» አለ ጉልላት ብድግ ብሎ ወንበር እየሰጠው፤ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሷል። «እንዲህ ያለ አቤቱታ ቀርቦልን አያውቅም። እውነት ነው፤ ደንቡ ምስክሩ ይብላ ይላል እንጂ ምን ይብላ አይልም። ትልቅ ክፍተት ነው ያሳዩን።»

«ታዲያ ምንም አታብሉት። እንደ መጣ አንብቡት።»

«ተርቦ?» ጉልላት ደነገጠ። «መምህር፣ እኛ እኮ የድሮ መርማሪዎች አይደለንም።»

«ባክቴሪያ ነው አቶ ጉልላት! ሰው አይደለም። አይናገርም።»

«ካልተናገረ ታዲያ» አለ ጉልላት፣ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ቃሉን ከየት አመጣው?»

 ማንያዘዋል ግዳንስክ ሲማርም ለዚህ የዘረመል ንባብ የሚጠቀሙበት ቃል ንጹሕ አልነበረም፤ ፊት ላይ የሚታይ ስሜትን ከሚጠሩበት ቃል የተወሰደ ነው። እዚያ ግን ፊቱን አኮሳትሯል ተብሎ ባክቴሪያን ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም።

ኮሚቴ ተቋቋመ። አንድ የሕግ ሰው፣ አንድ የምግብ ባለሙያ፣ አንድ ዲያቆን። ዲያቆኑ ባክቴሪያ አልተጠመቀምና ጾም አይገደውም ብሎ ተከራከረ፤ ከሦስቱ ጤነኛ እሱ ብቻ ነበር፣ በድምፅ ብልጫም ተሸነፈ። ኮሚቴው ሲሰበሰብና ሲበተን የብርቄ ከንፈር መጥቆር ጀመረ። ትናገር የነበረው በሙሉ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ወደ ግማሽ ወረደ። በመጨረሻ ከሽምብራ ውኃና ከተልባ የተሠራ «የጾም ሳህን» ጸደቀ። ጉልላት ራሱ ስልክ ደውሎ አበሠረው።

ማንያዘዋል ስልኩን ዘግቶ መንገድ ላይ ብቻውን ዘለለ። ሽምብራ ደም የለውም። ደም ወዳዱ የጾም ሳህን ላይ ሲያድር እንደ ብርቄ ደረት ውስጥ ይርበዋል፤ ሲርበው መሣሪያውን ያወጣል፣ መሣሪያውን ሲያወጣ ይነበባል። ከዚያ በረሃብ ማለቁ አይቀርም፤ ይለቅ። ከማለቁ በፊት ግን ይጮኻል። ሞኝነት በሞኝነት ተመታ። ቤት ገብቶ ለእህቱ ሲነግራት እጁን ጨበጥ አደረገችው።

«አላልኩህም?» አለች። ትንፋሽ ወሰደች። «ዲያቆኑን ግን... አከበርኩት።»

በማግስቱ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስክሪኑን አይታ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ውይ! ወራሪ ይላል። ደም ፈላጊ። ጠልቆ የገባ። ውይ፣ እኚህ ሴትዮ ታመዋል እኮ!»

ማንያዘዋል ወደ መስኮቱ ተጠጋ። እህቱ መታመሟን በዚህ ጽሕፈት ቤት የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሷ ነበረች፤ ያም ስክሪን ነግሯት ነው።

«ሣጥኑ ይከፈትልኛል?»

«ሁለተኛው ንባብ ይድረስ እንጂ ወዲያው ነው።»

ሁለተኛውን ንባብ ረስቶታል። ሰው ለመርማሪ ቃሉን ሲሰጥ የተጻፈው ይነበብለትና «አዎ፣ የእኔ ቃል ነው» ብሎ ያረጋግጣል። ለባክቴሪያም ያው ነው፤ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይለካል፣ ሁለቱ ንባቦች ከተስማሙ «አረጋገጠ» ይባላል። ጠግቦ ያደረ ምስክር ሁልጊዜ ያረጋግጣል። ማንያዘዋል ወንበር ላይ ተቀምጦ በሩን ሲያይ ጉልላት ከውስጥ ወጣ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«መምህር፣ አዝናለሁ። ምስክሩ ዐርፏል።»

«ምን?»

«ሳህኑ አልተስማማውም። ቃሉ ተነብቦለት የእኔ ነው ሳይል ስላረፈ፣ የሰጠው ቃል ሊጸና አይችልም።»

ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከልምድ የተነሣ ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉ።

«ነፍስ ይማር በላ!» ብሎ ማንያዘዋል ጮኸ። «ምን ትጠብቃለህ? ድንኳን ይተከል? ተዝካሩን መቼ ነው የምታወጡት?»

ጉልላት አልተቆጣም። ይልቁንም ለአፍታ አሰበ፤ ነገሩ ደንብ ይኑረው አይኑረው የሚመዝን ይመስል ነበር። ማንያዘዋል ሰውን ንቆ የሚያውቀው እስከዚያች አፍታ ድረስ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስሜት የሚጠራበት ስም አላገኘም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የምትሞተው ማን ናት?»

«ወይዘሮ ብርቄን ማለትዎ ነው? እሳቸውማ በደንቡ የምስክሩ አድራሻ ናቸው እንጂ...» ጉልላት የተናገረውን ራሱ ሰማው። ጆሮው ቀላ። ማንያዘዋልን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። «መምህር፣ ይስሙኝ። እኔ ደንብ መጣስ አልችልም፤ ብጥስም ሣጥኑ አይሰማኝም። ግን ደንቡ የሚገዛው ቃል የተባለውን ነው። ቃል ካልተባለ እኛ አያገባንም። ያኔ ጥሬውንም ቢሆን ማንበብ ይቻላል፣ በዚያው ቀን።»

«ስሙ ይቀየር ነው የምትለው?»

«ስሙ ከተቀየረ ደንቡ በራሱ ይወድቃል። የስያሜ ጉባኤው አድራሻ ይኸው።» ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ በማንያዘዋል መዳፍ ላይ ጻፈለት። ወረቀት ለመፈለግ እንኳ አልቆየም። ከልቡ ነበር የሚረዳው። ያ ነው ያልተቻለው።

* * *

«ቃል አይባል?» አለች ብርቄ። መስኮቱ ተከፍቶላት ነበር፤ ብርዱ ለመተንፈስ ይሻላት ጀምሯል። «ታዲያ... ምን ይባል?»

«እኔ እንጃ። መግለጫ ቢባል መግለጫ የሚሰጠው ቃል አቀባይ ነው ይላሉ። ንግግር ቢባል ያው ነው። ጠባይ ልበል?»

«ጠባይ የሰው ነው። ደግሞ ጠባይ... አይለወጥም። ይኼ ይለወጣል አላልክም?»

«ይለወጣል። ሳህን ላይ ሌላ ነው፣ አንቺ ውስጥ ሌላ ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ተኝታለች ብሎ ጋቢዋን ሊያስተካክል ሲነሣ ዓይኗን ሳትከፍት ተናገረች።

«ውሎ ነዋ።»

«ምን?»

«ውሎ። ፋብሪካ ስውል... ሱፍ ለብሼ እመጣ ነበር። ገበያ ስውል ወሬ ይዤ። አንተ ፖላንድ ውለህ...» ሳሉ አቋረጣት፤ ኩባያውን ያዘላት። «ፖላንድ ውለህ ኩርፊያ። ያው ሰው ነን። ከዋልንበት ነው... የምንመስለው። ባክቴሪያህን ውሎህ ምን ነበር በሉት። ውሎ ለመናገር... ምስክር አይኮንም።»

ማንያዘዋል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በሩቅ አገር የተማረው ሁሉ፣ አንድ ሙሉ የዶክትሬት ጽሑፍ፣ በሁለት ፊደል ውስጥ ገብቶ ተዘጋ። የዘረመል ውሎ። ጉባኤው አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ ያላገኘውን ስም እህቱ ተኝታ አገኘችው። ሊነግራት ፈለገ፤ እሷ ግን ከዚህ በላይ ማውራት ደክሟት ነበር። ስልኩን አወጣ። መዳፉ ላይ ያለው አድራሻ በላብ ሳይለቅ ቀዳው።

«ለስያሜ ጉባኤ። <የዘረመል ቃል> የሚለው ስያሜ <የዘረመል ውሎ> በሚል እንዲተካ እጠይቃለሁ። ቃል ሰው በሄደበት ሁሉ ይዞት የሚዞረው ነው፤ ውሎ ግን ከዋሉበት ቦታ ጋር ይለወጣል። ባክቴሪያ ደም ሞልቶ በተረፈበት ሳህን ላይ የሚውለው ውሎና ሰው ደረት ውስጥ ተርቦ የሚውለው ውሎ አንድ አይደለም። የምንታመመው በሁለተኛው ነው፤ የምታነቡት የመጀመሪያውን ነው። ስያሜውን ያወጣችው ብርቄ ትባላለች፤ እህቴ ናት። ታማለች። ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ማንያዘዋል፣ ደብረ ብርሃን።»

ላከው። ከጽሑፉ ሥር «ደርሷል» የሚል ምልክት ወጣ። ለብርቄ አነበበላት። ራሷን በጥቂቱ ነቀነቀች፤ «ነዋ» ማለቷ ነበር።

በሚቀጥሉት ቀናት ስልኩን ክፍል ውስጥም፣ መንገድ ላይም፣ ከአልጋዋ አጠገብም አልለቀቀውም። ማስታወቂያ መጣ፤ የሠርግ ጥሪ መጣ፤ ከቃል መቀበያው ጽሕፈት ቤት «ምስክርዎ በሰላም አድሯል» የሚል የማለዳ ሰላምታ መጣ። አዲስ ከተወሰደው አክታ የተገኘ ነበር፤ ጾሙ ስለተፈታ ወደ ደሙ ሳህን መልሰውታል።

ጉልላት ለብርቄ ቀብር ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። ድንኳኑን አብሮ ተከለ፣ ወንበር አብሮ ደረደረ፣ አለቀሰም። ማንያዘዋል ሰው ሲበታተን ከድንኳኑ ጀርባ ሄዶ ስልኩን አወጣ፤ ቀድሞ ከላከው ሥር፣ እንደ ተማሪ ደብተር አራሚ፣ ቃል በቃል እየመረጠ ጻፈ።

«ለስያሜ ጉባኤ። ቀደም ሲል በላክሁት መልእክት ውስጥ <እህቴ ናት> የሚለው <እህቴ ነበረች> ተብሎ ይነበብ። <ታማለች> የሚለው ይሰረዝ። <አስቸኳይ ነው> የሚለውም ይሰረዝ። ስያሜውን በሚመለከት ያቀረብሁት ጥያቄ እንዳለ ነው።»

«ደርሷል» አለ ስልኩ። ከዚያ በኋላ የመጣ ነገር የለም።